የዘመነ ዮሐንስ ተረኛ

ታኅሣሥ 27፣ የገና ዋዜማ፣ ከምሳ በኋላ፤ ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ የሶፍትዌር ድርጅት ቢሮ ውስጥ ፕሮግራመሯ እድላዊት የጉዞ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ከቡድን መሪዋ ከይትባረክ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች።

ይትባረክ፦ ሲስተሙ የሚለው አንቺን ነው። እኔ ምን ላድርግ?

እድላዊት፦ ሲስተሙን የጻፍከው አንተ ነህ። እንደ ባንክ ቤት ሰው «ሲስተሙ ነው» አትበለኝ።

ይትባረክ፦ ጥቅምት ላይ ተረኛ የምትሆኑበትን ቀን ምረጡ ስንል ሃያ ስምንትን በገዛ እጅሽ ነክተሻል። ማንም አልገፋሽም።

እድላዊት፦ የነካሁት ዋዜማው መስሎኝ ነዋ። ሲስተምህ ሃያ ዘጠኝን በቀይ ቀብቶ «ገና» ብሎ አሳየኝ። ዋዜማውን ቢሮ ተቀምጬ በዓሉን አባቴ ዘንድ ልውል ነበር ሐሳቤ። ዘንድሮ ግን ዘመነ ዮሐንስ ነው። ያለፈችው ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበረች ገና በሃያ ስምንት ይውላል። ነገ ማለት ነው። ከተማው በሙሉ ያውቃል፣ በግ ነጂው ያውቃል፣ በጉም ያውቃል። የማያውቀው ያንተ ሲስተም ብቻ ነው።

ይትባረክ፦ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ነው እኮ።

እድላዊት፦ ሰው በዚያ ዓመትም ጾም ይፈታል።

ይትባረክ፦ እሺ፣ እኔ ተሳሳትኩ። ኮዱን ያየው ማን ነው? እዚህ ቢሮ ሁለተኛ ሰው ሳያነበው የሚገባ አንድ መስመር የለም። አንባቢዋ አንቺ ነበርሽ። ከሥሩ «ጥሩ ነው» ብለሽ አጽድቀሻል። ልክፈትልሽ?

እድላዊት፦ አትክፈት። ዓርብ ማታ ነበር፤ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ልውጣ ብዬ ነው።

ይትባረክ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

እድላዊት፦ ያፈሰስከው አንተ፣ የምለቅመው እኔ። ስትተርት እንኳ ሥራውን ለሌላ ሰው ትሰጣለህ። ስልክህ እየጠራ ነው።

ይትባረክ፦ ይጥራ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው፣ በስልክ ዶሮ የሚሸጡት ደንበኛችን። ከጠዋት ጀምሮ አላሳረፉኝም። የሚፈልጉትን አውቀዋለሁ፤ መተግበሪያው ላይ የሳላችሁት ዶሮ ከሲታ ነው፣ ገበያ ያበላሽብኛል ሲሉኝ ነው የሰነበቱት። በገና ዋዜማ ቁጭ ብዬ ዶሮ አላደልብም።

እድላዊት፦ እኔም በገና ቀን ቁጭ ብዬ የፈረንጅ ደንበኞቻችንን የኢንተርኔት ሱቅ ሹራብ አልጠብቅም።

ይትባረክ፦ ሹራብ ብቻ አይደለም። የገና ስጦታቸውን የሚመልሱበት የመጨረሻው ቀን ነገ ነው። በዓመት ውስጥ ሱቁ እንደ ነገ የሚጨናነቅበት ቀን የለም። ሲስተሙ ለግማሽ ሰዓት ቢቆም የሚጽፉልንን ደብዳቤ አስቢው።

እድላዊት፦ ቆይ፣ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። እነሱ ገናቸውን ሲያከብሩ እኛ እዚሁ ተቀምጠን ሱቃቸውን ጠበቅን። «የእናንተ በዓል አይደለምና አትቸገሩም» ብለው ጻፉልን። አሁን የኛ ሲደርስ ደግሞ «የእኛ በዓል አይደለምና ሥራ አለ» አሉ። ሁለት ገና ባለበት ሥራ ቤት ተቀጥሬ አንድም ገና የለኝም።

ይትባረክ፦ የሰዓት ልዩነት ነው ብለሽ ውሰጂው።

እድላዊት፦ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ምንም ያልቀረው የሰዓት ልዩነት። ስጦታቸውንስ ረሳኸው? «ለውድ ቡድናችን» ብለው ከሱቃቸው ዕቃ የሚገዛ ኩፖን ላኩልን። አንዷን ካልሲ መርጬ አድራሻዬን ስሞላ «ወደ አገርዎ አንልክም» አለኝ። ያንን መልእክት የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

ይትባረክ፦ ቁምነገሩ ሐሳባቸው ነው።

እድላዊት፦ ሐሳቡም ወደ አገራችን አይላክም። እኛ እኮ ያልወደድነውን ስጦታ ለመመለስ ሲስተም አስፈልጎን አያውቅም። አምና ለአክስቴ የወሰድኩት ባለካርቶን ኬክ ከሷ ወደ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ወደ ንስሐ አባቷ፣ ከሳቸው ደግሞ በጥምቀት ተመልሶ እኛ ቤት ገባ። ሪባኑ አልተፈታም። ተረኛ አልተመደበለትም፣ ግማሽ ሰዓትም አልቆመም።

ይትባረክ፦ ይህን ለደንበኞቻችን ልተርጉምላቸው?

እድላዊት፦ ከቻልክ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ተርጉምላቸው። ስለኛ ነው በላቸው።

ይትባረክ፦ ለመሆኑ እቤት ሄደሽስ ታርፊያለሽ? ፋሲካ ላይ የሰፈሩን ሁሉ ዲሽ ሳስተካክል ዋልኩ ብለሽ ስታማርሪ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?

እድላዊት፦ ነኝ። «ኮምፒውተር ነው የተማረችው» ይባላል፤ ከዚያ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። አጎቴ አንድ ጊዜ የውሃ ፓምፕ አምጥቶልኛል። ቢሆንም ጣሪያው ላይ ሆኜ አባቴ ሲበላ ይታየኛል። የምፈልገው እሱን ነው።

ይትባረክ፦ ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ሂጂ እንዳልልሽ ደንቡ...

እድላዊት፦ ደንቡ በማን ምክንያት ነው የወጣው?

ይትባረክ፦ ስም አልጠራም።

እድላዊት፦ እኔ ልጥራው። አምናም ተረኛ ነበርኩ። ሆለታ አባቴ ቤት ሳይነጋ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሬን ታቅፌ አስፋልት ዳር ያለ ሆቴል ገባሁ፣ ጄኔሬተር አላቸው ብዬ። ከሥጋ ቆራጩ ጎን ባንኮኒ ላይ ተቀምጬ፣ ስክሪኑ ላይ የተፈናጠረውን ጮማ እየጠረግሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጦታ አስመለስኩ። አባቴ «ልጄ ሳትመጣ ጾሜን አልፈታም» ብሎ ወጡ ፊት ቁጭ ብሏል። ስኳር እንዳለበት ታውቃለህ። መድኃኒቱን ወስዷል፣ እህል አልቀመሰም። እኔ ስደርስ እህቴ ክሊኒክ አስገብታዋለች። ሐኪሙ ምን እንዳለው ታውቃለህ? «በገና ቀን በጥጋብ የሚመጣ ብዙ ነው፤ በረሃብ የመጣ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

ይትባረክ፦ አሁን እንዴት ናቸው?

እድላዊት፦ ከግትርነቱ በቀር ደህና ነው። እህቴ ትናንት በዘዴ «ምናልባት ዘንድሮ ባትመጣስ» ብላ ሞክራው ነበር። «እጠብቃታለሁ» አላት፣ በቃ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ተሳፋሪ ቀርቶ ሞተር አያስነሳም።

ይትባረክ፦ ይኸውልሽ፣ ተረኛ ጄኔሬተር ባለበት ቢሮ ይቀመጥ የተባለው ለዚህ ነው። ለናንተው ታስቦ ነው።

እድላዊት፦ አዎ። አባቴ ወደቀ፤ ድርጅቱ ከዚህ የተማረው መብራት እንደሚጠፋ ነው።

ይትባረክ፦ እንዲህ አድርገሽ ስታቀርቢው ይከብዳል።

እድላዊት፦ አቅልለው እንግዲህ። አንተ ተቀመጥ።

ይትባረክ፦ እኔ? ባለፈው ሚያዝያ ያገባሁ ሰው? ይህ የመጀመሪያ ገናዬ ነው። አማቴ ቤት ምሳ ላይ ካልተገኘሁ ልጃቸውን ይመልሷታል።

እድላዊት፦ አትስጋ። ከሚያዝያ ወዲህ የመመለሻው ጊዜ አልፏል።

ይትባረክ፦ ቀልጂ። ሚስቴ ካንቺ ትብሳለች።

እድላዊት፦ ሌሎቹስ?

ይትባረክ፦ ኪሩቤል ትናንት ጎንደር ገብቷል። ሚሊዮን ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው። ብልጥ ልጅ ነው።

እድላዊት፦ እንግዲያው ደንቡን እንከተል። «በበዓል ቀን ፈቃደኛ ከጠፋ ተረኛው የቡድኑ መሪ ነው።» ጥቅምት ላይ ስብሰባ ፊት ቆመህ ያነበብከው አንተ ነህ። አጨብጭበንልሃል። ሚሊዮን ዓይኑ እንባ ያቀረረ መስሎ ነበር።

ይትባረክ፦ ደንቡማ አለ። ሲስተሙ ውስጥ በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት። ግን በደንብ ያዳምጡ እመቤቴ፤ «በበዓል ቀን» ነው የሚለው። በሲስተሙ መሠረት ነገ የሥራ ቀን ነው። በሥራ ቀን ተረኛው የተመዘገበው ሰው ነው።

እድላዊት፦ ነገ የሥራ ቀን ነው። ይህን ስትል መስኮቱ ሥር ያለው የፕላስቲክ የገና ዛፍ እንኳ ያፍርብሃል።

ይትባረክ፦ ዛፉን ምን አደረገሽ?

እድላዊት፦ ምንም። ፀሐይ ላይ ቆሞ ጥጥ ለብሷል፤ በረዶ ነው ተብሎ። ከፈረንጆቹ ገና ጀምሮ እዚያው ነው። የክረምት ጠጠር እንጂ እንደ ጥጥ የሚወርድ በረዶ ያላየ የቢሮው ልጅ ገዝቶ አቆመው፤ አሁን የኛ ገና ሲደርስ ዛፉን የሚያነሳው ሰው ፈቃድ ወጥቷል። እሱም እንደኔ ተረኛ ነው።

ይትባረክ፦ እድሌ፣ ስሚኝ...

እድላዊት፦ «እድሌ» ካልክማ አልቆልኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ካላንደሩን ላስተካክለው? አንድ መስመር ነው።

ይትባረክ፦ አይቻልም። በበዓል ሰሞን ኮድ አይነካም፤ የሁላችንም ስምምነት ነው። የሚነካው አደጋ ሲኖር ብቻ ነው። የተረኛ ስም ለመቀየር ተብሎ ደግሞ...

እድላዊት፦ አሁንም ስልክህ ነው።

ይትባረክ፦ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ተስፋ አይቆርጡም።

እድላዊት፦ በከሲታ ዶሮ ምክንያት ሰው ይህን ያህል አይደውልም።

ይትባረክ፦ ቆይ፣ ጽፈውልኛል። «ልጄ ምነው የዛሬው ዝርዝር ባዶ ሆነብኝ። መኪኖቹ ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል። የታረዱት ዶሮዎች ማቀዝቀዣ ሞልተው ወደ ውጭ እየፈሰሱ ነው።»

እድላዊት፦ የምን ዝርዝር?

ይትባረክ፦ በየማለዳው ሲስተሙ ለየትኛው ቤት ስንት ዶሮ እንደሚላክ ያወጣላቸዋል። ገዢው ሲያዝ «ለገና ዋዜማ ይድረስልኝ» የሚለውን ይነካል፤ ቀኑን ሲስተሙ ያሰላል።

እድላዊት፦ ይትባረክ፣ ቀኑን በምን ያሰላል?

ይትባረክ፦ በካላንደር ነዋ።

እድላዊት፦ በየትኛው?

ይትባረክ፦ ያው አንድ ነገር ሁለቴ መጻፍ ምን ይጠቅማል ብዬ... የኛኑ ነው ያገናኘሁላቸው።

እድላዊት፦ ስለዚህ ዋዜማው ነገ ነው።

ይትባረክ፦ በሲስተሙ መሠረት።

እድላዊት፦ ዶሮው ነገ ይሄዳል። ሰዉ አስቀድሶ፣ ተመልሶ፣ ዶሮ የሌለበት ቁሌት በልቶ ሲተኛ፣ ያኔ በር ይንኳኳል። አሁን በስንት ቤት ሽንኩርት እየተቁላላ እንደሆነ ገብቶሃል? «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ሲባል እሰማ ነበር። በላተኛውን ሲያታልሉት ምን እንደሚባል ገና ተረት አልወጣለትም። ላንተ ይወጣልሃል።

ይትባረክ፦ እድሌ።

እድላዊት፦ ምን?

ይትባረክ፦ አንድ ነገር አለ።

እድላዊት፦ አማትህ።

ይትባረክ፦ ማን ነገረሽ?

እድላዊት፦ መልክህ።

ይትባረክ፦ ባለፈው እሑድ ሾላ ገበያ ሊሄዱ ዘንቢላቸውን ይዘው በር ላይ ደርሰው ነበር። «እማማ፣ ከንግዲህ በገበያ መንገላታት ቀረ፤ እኔ የሠራሁት ነገር አለ» ብዬ ዘንቢሉን ከእጃቸው ወስጄ ሰቀልኩት። ስልኬን አሳየኋቸው። ከሲታውን ዶሮ አይተው «ይቺ ናት?» አሉኝ። «ሥዕል ነው፣ አይስጉ» አልኳቸው። ከጠዋት ጀምሮ ሚስቴን ሲጠይቋት ውለዋል። እኔም «መንገድ ላይ ናት» ስል ውያለሁ።

እድላዊት፦ ዶሮዋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆና በሥራ ቀን እስክትሄድ እየጠበቀች ነው።

ይትባረክ፦ አስተካክይው።

እድላዊት፦ በበዓል ሰሞን ኮድ አይነካም።

ይትባረክ፦ አደጋ ነው።

እድላዊት፦ አባቴ ክሊኒክ ሲተኛ ደንብ ነው የወጣው። የአማትህ ዶሮ ስትዘገይ ግን አደጋ ሆነ።

ይትባረክ፦ ልክ ነሽ። ምንም አልልም። ግን በየቤቱ የሚጠብቀው ሰው ያንቺን አባት የመሰለ ነው። እሱ ምን አጠፋ?

እድላዊት፦ ይህን ነገር ማለትህ ያናድዳል፤ እውነት ስለሆነ። ለምን ራስህ አትነካውም?

ይትባረክ፦ እኔ አለቃ ከሆንኩ ወዲህ የምጽፈው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። አንቺ በአሥር ደቂቃ የምትጨርሺውን እኔ እስከ ጥምቀት ልፈልገው እችላለሁ።

እድላዊት፦ ሲሾም ያልበላ ይላሉ፤ አንተ ስትሾም መጻፉንም በላኸው። ወንበሩን ሳበው። ቦርሳዬን ያዝ፣ መሬት አታስቀምጠው፤ የአባቴ መድኃኒት አለበት። ለወይዘሮ ጥሩወርቅም ደውልላቸው፤ ሾፌሮቹን እንዳያሰናብቱ።

ይትባረክ፦ ምን ልበላቸው?

እድላዊት፦ እውነቱን። ለለውጥ ያህል።

ይትባረክ፦ ...ደወልኩ።

እድላዊት፦ ምን አሉ?

ይትባረክ፦ ሰምተው ሲጨርሱ «የዶሮውን ሥዕል ተወው በቃ» አሉ። ዝርዝሩ እንደደረሳቸው መኪኖቹ ይወጣሉ፤ እስከ ማታ ሁሉንም እናዳርሳለን ብለዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት አለ፤ አይደገምም።

እድላዊት፦ አገኘሁት። ሃያ ዘጠኝ ብለህ በቁጥር ቸንክረኸዋል። አጠገቡም ለራስህ ማስታወሻ ጽፈሃል፤ «አንዳንድ ዓመት ይቀየራል መሰለኝ፤ በኋላ ይታያል።»

ይትባረክ፦ እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?

እድላዊት፦ ከሥሩ ደግሞ የኔ «ጥሩ ነው» አለ። እንዴት ያለን ጥንድ ነን። ዝም በል አሁን፣ ልጻፍ።

ይትባረክ፦ ዝም ብያለሁ። ሚስቴ ናት የምትደውለው፣ እሷንም ዝም ብያታለሁ።

እድላዊት፦ ጨረስኩ። ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ ሃያ ስምንት፣ ካልሆነ ሃያ ዘጠኝ። አሁን አንተ አንብበህ ታጸድቃለህ። ካላንደሩ አንድ ነው፤ የተያያዘውን ሁሉ ይነካል። ስለዚህ ቀስ ብለህ አንብብ።

ይትባረክ፦ እድሌ፣ ሰዉ ሽንኩርት እያቁላላ ነው።

እድላዊት፦ ሳላነብ አጽድቄ ምን እንደደረሰብኝ አይተሃል። አንብብ።

ይትባረክ፦ ካንቺ ኮድ ውስጥ እኔ ምን ስህተት ላገኝ ነው? አጽድቄያለሁ። «ጥሩ ነው» ብያለሁ። ገባ?

እድላዊት፦ ገባ። ዝርዝሩ ወጣላቸው። አማትህ የመጀመሪያው መኪና ላይ ናቸው።

ይትባረክ፦ ተመስገን። አየሽ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ውለታሽን አልረሳም። ነገ ጥበቃው በጠዋት እንዲከፍትልሽ እነግረዋለሁ። ከአማቴ ቤትም በሳህን አስይዤ እልክልሻለሁ። እንቁላል ጭምር።

እድላዊት፦ ስልክህ።

ይትባረክ፦ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሊያመሰግኑ ይሆናል። አይ፣ ከኛ ሲስተም ነው። «መልካም የገና በዓል። ለነገው የበዓል ቀን ፈቃደኛ ስላልተመዘገበ በደንቡ መሠረት ተረኛው እርስዎ ነዎት።» ምንድን ነው ይሄ?

እድላዊት፦ አሁን ነገ በዓል ነው። አንተ ነህ ያጸደቅከው።

ይትባረክ፦ ስምሽ ተመዝግቧል እኮ።

እድላዊት፦ ለሥራ ቀን ነበር የተመዘገበው። በዓል ላይ የሥራ ቀን ተረኛ አይቆጠርም። ያንን የጻፍከው አንተ ነህ፤ እኔ አንዲት ፊደል አልነካሁበትም። አጨብጭበንልሃል።

ይትባረክ፦ አውቀሽ ነው።

እድላዊት፦ ሁለቴ «አንብብ» ብዬሃለሁ።

ይትባረክ፦ እመልሰዋለሁ። ኮዱን ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ።

እድላዊት፦ መልሰው። ዶሮዎቹም ከየመንገዱ ይመለሳሉ፣ የእማማን ጨምሮ። ቦርሳዬን ስጠኝ።

ይትባረክ፦ እድላዊት፣ ቆይ እንጂ። ለአማቴ ምን ብዬ ልንገራቸው?

እድላዊት፦ «ሲስተሙ ነው» በላቸው።

ይትባረክ፦ ግፍ ነው ይሄ።

እድላዊት፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። የሆለታ መኪና ሳይሞላ ልሂድ፤ ሞተር ሳያስነሳ የሚጠብቀኝ ሰው አለ። የገና ስጦታዬ ነው፣ ያዘው። ካልወደድከው መመለሻው እስከ ነገ ክፍት ነው፤ ተረኛውን ቢሮ ታገኘዋለህ።